ሩቅ አገር ለብቻ፦ የዕረፍት ጉዞ እንዴት ይሰላል?

የንግዱ ሰው ዕቃ ሲገዛ ዋጋ ይጠይቃል፣ ሦስት አራት ቦታ ያወዳድራል፣ የማጓጓዣውንና የቀረጡን ደምሮ እንደሚያዋጣው ካላረጋገጠ በስተቀር እጁን ወደ ኪሱ አይሰድም። ይኸው ሰው ለዓመታት ሱቁን ሲጠብቅ ከርሞ ለራሱ የሁለትና የሦስት ሳምንት ዕረፍት ሲያስብ ግን ልማዱን ይረሳል። መድረሻውን የሚመርጠው አንድ ወዳጁ ባሳየው ፎቶግራፍ ወይም «እዚያ አገር ሁሉም ነገር ርካሽ ነው» በሚል ወሬ ነው። በዚህ መንገድ የሚወሰን ጉዞ አንዳንዴ ይሳካል። ብዙ ጊዜ ግን ሰውዬው ሲመለስ ያወጣው ገንዘብ ካሰበው እጥፍ ሆኖ ያገኘዋል።

ሩቅ አገር ለብቻ መጓዝ ከቤተሰብ ጋር ወይም በቡድን ከመጓዝ የተለየ ሒሳብ አለው። የክፍል ኪራዩን የሚጋራ የለም፤ ሲታመም የሚያስታምም የለም፤ አገር ቤት የቀረውን ሥራ በስልክ የሚከታተለውም ራሱ ነው። በመሆኑም መድረሻውን ከመምረጡ በፊት ሊመዝናቸው የሚገቡ ነጥቦች በምጣኔ ሀብት ትምህርት ውስጥ የታወቁ ናቸው። ከዚህ በታች በየተራ ቀርበዋል።

ቋሚና ተለዋዋጭ ወጪ

የማንኛውም ጉዞ ወጪ በሁለት ይከፈላል። የመጀመሪያው ቋሚ ወጪ ሲሆን የአውሮፕላን ቲኬትን፣ ቪዛን፣ ክትባትንና የጉዞ መድንን ይጨምራል። ይህ ወጪ ተጓዡ ሦስት ቀን ቢቆይም ሠላሳ ቀን ቢቆይም ብዙም አይለወጥም። ሁለተኛው ተለዋዋጭ ወጪ ነው። የአልጋ፣ የምግብ፣ የትራንስፖርትና የመዝናኛ ወጪ ከቆይታው ቀናት ጋር አብሮ ያድጋል።

ሩቅ አገር ቋሚ ወጪው ከፍተኛ፣ ቅርብ አገር ደግሞ ቋሚ ወጪው ዝቅተኛ ነው። የቀን ወጪው ግን የግድ ከርቀቱ ጋር አይሄድም። ቅርብ ሆኖ አልጋው የሚያስደነግጥ አገር አለ፤ ሩቅ ሆኖ ኑሮው ቀላል የሆነም አለ። ስለዚህ «የቱ ይረክሳል?» የሚለው ጥያቄ «ስንት ቀን?» የሚል ጥያቄ ካልተከተለው መልስ የለውም።

ለስሌቱ ያህል ሁለት መድረሻዎችን እንውሰድ። የሩቁ አገር ቋሚ ወጪ 1,400 ዶላር፣ የቀን ወጪው 60 ዶላር ይሁን። የቅርቡ አገር ቋሚ ወጪ 500 ዶላር፣ የቀን ወጪው 120 ዶላር ይሁን። የቋሚ ወጪያቸው ልዩነት 900 ዶላር፣ የቀን ወጪያቸው ልዩነት ደግሞ 60 ዶላር ነው። 900 ለ60 ሲካፈል 15 ይሆናል። ይህም ማለት ሁለቱ መድረሻዎች በ15ኛው ቀን ላይ እኩል ይመጣሉ ማለት ነው። ተጓዡ 10 ቀን ብቻ የሚቆይ ከሆነ ሩቁ 2,000፣ ቅርቡ 1,700 ዶላር ስለሚያስወጣው ቅርቡ ይሻለዋል። 21 ቀን የሚቆይ ከሆነ ግን ሩቁ 2,660፣ ቅርቡ 3,020 ዶላር ይሆናል፤ ሩቁ በ360 ዶላር ይረክሳል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ሩቅ አገር ለአምስት ቀን መሄድ በጅምላ ዋጋ ገዝቶ በችርቻሮ መጠን እንደመጠቀም ይቆጠራል። ለሩቅ አገር የተከፈለ ቲኬት ዋጋውን የሚመልሰው በቆይታ ብዛት ነው።

የብቸኛው ሰው ሒሳብ

ሆቴሎች በአብዛኛው የሚያከራዩት ክፍልን እንጂ ሰውን አይደለም። ሁለት ሰዎች የሚጋሩትን ክፍል ብቸኛው ተጓዥ ሙሉ ዋጋውን ከፍሎ ይተኛበታል። በአስጎብኚ ድርጅቶች የሚዘጋጁ ጥቅል ጉዞዎችም ዋጋቸው የሚወጣው ሁለት ሰው አንድ ክፍል ይጋራል በሚል ግምት ስለሆነ ለብቻው የሚሄድ ሰው ተጨማሪ ይጠየቃል።

ከላይ ባለው ምሳሌ የሩቁ አገር 60 ዶላር ውስጥ 30ው፣ የቅርቡ 120 ዶላር ውስጥ ደግሞ 70ው የአልጋ ነው እንበል። ሁለት ሰዎች ቢጋሩ የእያንዳንዳቸው የቀን ወጪ በሩቁ 45፣ በቅርቡ 85 ዶላር ይሆናል። ልዩነቱ ወደ 40 ዶላር ይወርዳል፤ 900 ለ40 ሲካፈል ደግሞ 22 ቀን ተኩል ይመጣል። እንግዲህ ሁለት ሆነው ለሚጓዙ ሩቁ አገር የሚያዋጣው ከ22 ቀን በኋላ ሲሆን፣ ለብቻው ለሚጓዝ ግን ከ15 ቀን በኋላ ነው። የአልጋውን ዋጋ ብቻውን የሚሸከም ሰው አልጋ ርካሽ የሆነበትን አገር ከሌላው አስቀድሞ መፈለግ አለበት ማለት ነው።

አልጋ የሚሸጥበት ልማድም ከአገር አገር ይለያያል። በጃፓን ለነጋዴ ተጓዦች ተብለው የተሠሩ፣ ጠባብ ግን ንጹህ የአንድ ሰው ክፍል ያላቸው ሆቴሎች በየባቡር ጣቢያው አጠገብ ይገኛሉ። ሰው ገብቶ የሚተኛበት ሣጥን መሰል አልጋ የሚከራይበት ሆቴልም ለመጀመሪያ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1979 የተከፈተው በዚያው አገር፣ በኦሳካ ከተማ ነው። በሌላ በኩል «ርዮካን» የሚባሉት ባህላዊ የእንግዳ ማረፊያዎች ራትና ቁርስን ጨምረው የሚያስከፍሉት በሰው ቁጥር ሲሆን፣ ከእነዚህም አንዳንዶቹ ብቸኛ እንግዳ አይቀበሉም። በታይላንድ ግን የሆቴል ክፍል ለአንድም ሆነ ለሁለት ሰው ዋጋው ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ የዋጋው ዝቅተኛነት ራሱ የብቸኛውን ሰው ጫና ያቀልለታል። ስለሆነም የአገሩን አማካይ የሆቴል ዋጋ ከመጠየቅ ይልቅ የአንድ ሰው አልጋ ስንት እንደሆነ መጠየቅ ይበጃል።

የተዘጋው ሱቅ ዋጋ

ደመወዝተኛ ዕረፍት ሲወጣ ደመወዙ አይቋረጥም። ነጋዴውና ደላላው ግን እንዲህ አይደሉም። ባልነበሩበት ቀን ያመለጠው ገበያ፣ ያልተዋዋለው ቤት፣ ያልተሰበሰበው ዱቤ ሁሉ የጉዞው ወጪ አካል ነው። የምጣኔ ሀብት ምሁራን ይህንን የታጣ ዕድል ዋጋ ይሉታል። ደረሰኝ ስለሌለው ግን ብዙ ሰው በሒሳቡ አያስገባውም።

ነጋዴው በሌለበት እያንዳንዱ ቀን ከትርፉ የሚቀነሰው 40 ዶላር የሚያህል ብር ነው ብንል፣ 15 ቀን የ600 ዶላር ጉዳት አለው። ከዚህም ሌላ ሩቅ አገር ለመድረስና ለመመለስ ብቻ ሁለት ተጨማሪ ቀናት በመንገድ ላይ ያልቃሉ። የእነዚህ ቀናት 80 ዶላር በሩቁ አገር ቋሚ ወጪ ላይ ሲደመር ወጪው 1,480 ይደርሳል፤ ሁለቱ መድረሻዎች የሚተካከሉበት ቀንም ከ15 ወደ 16 አልፎ ይሄዳል። የቀን ገቢው ከፍ ያለ ሰው ደግሞ የመንገዱ ቀናት የበለጠ ይከብዱታል።

ይህንን ጉዳት መቀነስ የሚቻለው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ገበያው የሚቀዘቅዝበትን ወቅት መምረጥ ነው። እንደሚታወቀው ከእንቁጣጣሽ፣ ከገናና ከፋሲካ በፊት ያሉት ሳምንታት ለአብዛኛው ቸርቻሪ የዓመቱ መኸር ናቸው። ልኳንዳ ቤት ያለው ሰው በዓቢይ ጾም፣ የግንባታ ዕቃ የሚነግደው ደግሞ ክረምቱ ሲበረታ ቢሄድ ጉዳቱ አነስተኛ ነው። የግብር ማሳወቂያና የንግድ ፈቃድ ማደሻ ጊዜም መታየት አለበት፤ ቅጣቱ ከቲኬቱ ሊበልጥ ይችላልና።

ሁለተኛው ሥራውን ከሩቅ መከታተል ነው። በዚህ ረገድ የሰዓት ልዩነት ከርቀት የበለጠ ትርጉም አለው። የአዲስ አበባ ሱቅ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ይሠራል እንበል። ባንኮክ ከኢትዮጵያ በ4 ሰዓት ስለምትቀድም እዚያ ላለው ባለሱቅ ይህ ጊዜ ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ነው። ቶኪዮ በ6 ሰዓት ስለምትቀድም ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት ይሆናል። ቦነስ አይረስ ግን በ6 ሰዓት ወደኋላ ስለሆነች ሱቁ የሚከፈተው እዚያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ነው። አርጀንቲና ሆኖ ሱቁን በስልክ ለማስተዳደር የሚያስብ ሰው ዕረፍት ሳይሆን የሌሊት ፈረቃ እንደገባ ይወቀው። ፊርማ የሚጠይቅ ጉዳይ ካለም በሰነዶች ማረጋገጫ የተመዘገበ ውክልና ለታመነ ሰው ሰጥቶ መሄድ የግድ ነው።

«ርካሽ ነው» ሲባል ለማን?

ብዙ ተጓዥ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አንድ አገር ገንዘቡ በዶላር ሲረክስ ዓለም ሁሉ «ርካሽ ሆነ» ይላል። ይህ እውነት የሚሆነው ኪሱ ውስጥ ዶላር ላለው ሰው ነው። ገቢው በብር የሆነ ሰው መጠየቅ ያለበት የአገሩ ገንዘብ በብር ስንት እንደሆነ ነው።

የጃፓን የን ጥሩ ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 መጀመሪያ ላይ አንድ ዶላር በ103 የን ገደማ ይመነዘር ነበር። በሐምሌ 2024 መጀመሪያ ወደ 161 የን ደረሰ፤ ይህም በ38 ዓመት ውስጥ ያልታየ ዝቅተኛ የየን ዋጋ ነበር። በዚያው ዓመት ወደ 36.9 ሚሊዮን የሚጠጉ የውጭ ጎብኚዎች ጃፓን የገቡ ሲሆን፣ ቁጥሩ እስከዚያ ድረስ ከነበረው ሁሉ የላቀ ነው። የየን መርከስ ለዚህ ዓይነተኛ ምክንያት እንደነበር አያጠያይቅም።

የብሩስ? በ2021 መጀመሪያ አንድ ዶላር በይፋ 39 ብር ገደማ ስለነበረ አንድ ብር 2.6 የን ያህል ይገዛ ነበር። በሐምሌ 2024 መጀመሪያ ዶላሩ 57 ብር ገደማ ስለሆነ አንድ ብር 2.8 የን ገዛ፤ ማለትም ብርም የንም አብረው ስለወረዱ ለብር ባለቤት ጃፓን እምብዛም አልረከሰችም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ሁኔታው ፈጽሞ ተቀየረ። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ አንድ ዶላር 157 የን፣ በብር ደግሞ 125 ገደማ ነበር። በዚህ መሠረት አንድ ብር 1.26 የን ብቻ ሆነ። በሐምሌ መጀመሪያ ላይ 3,600 ብር ገደማ የነበረ የ10,000 የን አልጋ በታኅሣሥ 8,000 ብር ገደማ ገባ። አሜሪካዊው «ርካሽ» እያለ በሚጎርፍበት ዓመት ለአዲስ አበባው ነጋዴ ያው አልጋ ከእጥፍ በላይ ተወደደ ማለት ነው።

ስለዚህ ሒሳቡ መሠራት ያለበት በሁለት ምንዛሪ ነው፤ በመጀመሪያ የአገሩን ገንዘብ ወደ ዶላር፣ ቀጥሎ ዶላሩን ወደ ብር። ተጓዡ ገንዘቡን የሚያገኘው ከባንክ ስለሆነ የባንኩን የመሸጫ ዋጋና የአገልግሎት ክፍያ መያዝ እንጂ የመግዣውን ዋጋ መያዝ ስህተት ነው። ለተጓዥ የሚፈቀደው የውጭ ምንዛሪ መጠን በየጊዜው በመመሪያ ስለሚለወጥ ቲኬት ከመቁረጥ በፊት ባንክ ጎራ ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ትናንት ርካሽ፣ ዛሬ ውድ

ሁለተኛው የምንዛሪ ስህተት አሮጌ ወሬ ይዞ መሄድ ነው። አርጀንቲና ለዚህ ትምህርት ትሰጣለች። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 አዲሱ የፕሬዚዳንት ሚሌይ መንግሥት የአገሪቱን ፔሶ በይፋ ከ366 ወደ 800 ለአንድ ዶላር አወረደው። «ቦነስ አይረስ እንደዚህ ረክሳ አታውቅም» የሚለው ወሬ በዚያን ጊዜ ተናፈሰ።

ነገር ግን መንግሥት ከዚያ በኋላ ፔሶው በወር 2 በመቶ ብቻ እንዲወርድ ሲያደርግ፣ የዕቃ ዋጋ በ2024 ዓመቱን ሙሉ በ117.8 በመቶ ጨመረ። በዓመቱ መጀመሪያ 10,000 ፔሶ የነበረ ራት በዚሁ መጠን ቢጨምር በዓመቱ መጨረሻ 21,780 ፔሶ ይሆናል። በይፋው ምንዛሪ ሲሰላ የመጀመሪያው 12.4 ዶላር፣ የኋለኛው 21.1 ዶላር ነው። የፔሶ ዋጋ መውረዱን ቢቀጥልም ራቱ በዶላር 70 በመቶ ተወደደ። የገንዘብ መውረድ ብቻውን አገርን አያረክስም፤ የዋጋ ንረቱ ከምንዛሪው ቀድሞ ከሮጠ አገሩ ይወደዳል።

ተቃራኒው ሁኔታ ደግሞ በታይላንድ ታይቷል። ሐምሌ 2 ቀን 1997 እ.ኤ.አ. የባት ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ አንድ ዶላር 25 ባት ገደማ የነበረው በጥር 1998 ከ50 ባት አለፈ። የመንገድ ዳር ምግቡ፣ የአውቶቡሱና የትንንሽ ሆቴሎች ዋጋ በባት ስለነበረ ከምንዛሪው ጋር እኩል አልጨመረም። ዶላር የያዘ ተጓዥ በዚያ ክፍተት ተጠቅሟል። በዶላር ዋጋ ያወጡ ትልልቅ ሆቴሎች ግን ለእንግዳው ምንም አላረከሱለትም። በመሆኑም ተጓዥ «ገንዘቡ ወርዷል» ሲባል ሁለት ነገር ይጠይቅ፦ ከወረደ ስንት ወር ሆነው? የሚከፈልበት ሆቴል ዋጋውን የሚያወጣው በምንድን ነው?

ወቅትና መሬት ላይ ያለው ዋጋ

ለነጋዴው የሚመቸው ወቅት ለመድረሻው አገር ላይመች ይችላል። በክረምት ሥራው የሚቀዘቅዝ ነጋዴ በሐምሌና በነሐሴ ቢወጣ ባንኮክ ዝናብ ላይ ትሆናለች፤ የዝናቡ ወቅት ግን ሆቴሎች ዋጋ የሚቀንሱበት ነው። የቱሪስቱ ብዛት የሚያይለው ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። ጃፓን በዚያው ክረምት ሙቀቷ ከባድ ሲሆን የውቅያኖስ አውሎ ነፋስም ይመጣባታል፤ በነሐሴ አጋማሽ ጃፓናውያን ራሳቸው ወደ ትውልድ ቦታቸው ስለሚጓዙ ባቡርና አልጋ ይጣበባል። የቼሪ አበባ የሚፈካበት የመጋቢት ማብቂያና ቀጥሎ በሚያዝያ መጨረሻ የሚመጣው የበዓላት ሳምንት ደግሞ በዓመቱ ውድ ከሚባሉት ጊዜያት ናቸው። ቦነስ አይረስ ከምድር ወገብ በታች በመሆኗ በሐምሌ ብርድ ላይ ነች፤ ሞቃቱ ወቅቷ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ነው።

ለቱሪስት ተብሎ የሚሸጥ «ቅናሽ»ም ሁልጊዜ ቅናሽ አይደለም። በጃፓን የባቡር ድርጅቶች ለውጭ ጎብኚ የሚሸጡት የሰባት ቀን መጓጓዣ ካርድ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 ከ29,650 ወደ 50,000 የን ከፍ ብሏል። ከቶኪዮ ኪዮቶ በፈጣኑ ባቡር ደርሶ መልስ ግን 28,000 የን ገደማ ነው። ሁለቱን ከተሞች ብቻ የሚያይ ተጓዥ ካርዱን ከገዛ ከ20,000 የን በላይ ያለጥቅም ያወጣል።

ሲታመሙና ሲቸገሩ

ብቸኛ ተጓዥ ሊንቀው የማይገባው ወጪ የጉዞ የሕክምና መድን ነው። ቤተሰብ አብሮ ሲኖር ባንክ የሚሮጥ፣ ሆስፒታል የሚያድር ሰው ይኖራል። ብቻውን የወደቀ ሰው ያለው ዋስትና የውሉ ወረቀት ነው። የአውሮፓ የሼንገን አገሮች ቪዛ ለመስጠት ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መድን ይጠይቃሉ፤ የሚሄድበት አገር ባይጠይቀውም ተጓዡ ይህንኑ እንደ ዝቅተኛ መለኪያ ቢይዝ ይጠቀማል። ውሉ ሲነበብ ወደ አገር የመመለሻ ወጪንና ነባር በሽታን ይሸፍን እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል።

የቢጫ ወባ ክትባትም የሚረሳ ነገር ነው። ታይላንድ ከኢትዮጵያ የሚመጣን ተጓዥ የክትባቱን ካርድ ትጠይቃለች። ካርዱ የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ሲሆን፣ ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። በዋዜማው የሚከተብ ሰው ትኬት ይዞ በር ላይ ሊቀር ይችላል።

ጾም የሚጾም ሰው ደግሞ የታይላንድ ወጥ የዓሣ መረቅ፣ የጃፓን ሾርባም ከደረቀ ዓሣ የሚወጣ መረቅ እንዳለበት ቢያውቅ ጥሩ ነው። ሙስሊም ተጓዥ በታይላንድ ሐላል ምልክት ያለበት ምግብ ማግኘት አይቸግረውም፤ በጃፓንና በአርጀንቲና ግን አስቀድሞ ማጠያየቅ ይኖርበታል። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ለብቻው የሚበላ ሰው ግን በቀን ሦስት ጊዜ የሚገጥመው ጉዳይ ነው።

ከቲኬት በፊት ቪዛ

የመጨረሻው ነጥብ የክፍያው ቅደም ተከተል ነው። ከተከፈለ በኋላ የማይመለስ ገንዘብ የሰመጠ ወጪ ይባላል። የማይመለስ ርካሽ ቲኬት አስቀድሞ የገዛ ሰው ቪዛው ቢከለከል ገንዘቡ ቀረ ማለት ነው። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ «አንዴ ከፍያለሁ» በሚል ጉዞው እንደማይበጀው እያወቀ መሄዱ ነው። የሰመጠ ወጪ በሚቀጥለው ውሳኔ ላይ ድምፅ ሊኖረው አይገባም፤ መጠየቅ ያለበት ከዛሬ ጀምሮ የሚወጣው ገንዘብ ከሚገኘው ዕረፍት ጋር ይመጣጠናል ወይ የሚለው ብቻ ነው።

በጥቅሉ ተጓዡ በዚህ ቅደም ተከተል ቢሄድ ስህተቱ ይቀንሳል፦

1ኛ. ሥራው የሚፈቅድለትን ወርና የቀን ብዛት ይወስን። ከ15 ቀን በታች ከሆነ ሩቅ አገርን ለሌላ ዓመት ቢያቆየው ይሻላል።

2ኛ. በዚያ ወር የአየር ጠባያቸውና የሰዓት ልዩነታቸው የሚመቹትን ሦስት አገሮች ይምረጥ።

3ኛ. የእያንዳንዱን ቋሚ ወጪና የአንድ ሰው የቀን ወጪ በዕለቱ የባንክ መሸጫ ወደ ብር ይለውጥ። ከአንድ ዓመት በላይ የሆነውን የዋጋ ወሬ አይቀበል።

4ኛ. በሌለበት የሚያጣውን የቀን ትርፍ፣ የመንገዱን ቀናት ጨምሮ፣ ይደምርበት።

5ኛ. የድምሩን አሥር በመቶ ለክፉ ቀን ይያዝ፤ ብሩ ከቪዛ ማመልከቻ እስከ ጉዞው ቀን ሊወርድ ይችላልና።

6ኛ. ቪዛ፣ ክትባት፣ መድን፣ ከዚያ ቲኬት። ቪዛው ሳይወጣ ቲኬት ማሳየት ከተጠየቀ የሚሰረዝ ቦታ ያስይዝ።

ይህ ሁሉ ተሠልቶ ሩቁ አገር በብር ውድ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ እንደዚያም ሆኖ ተጓዡ መሄድ ሊመርጥ ይችላል። ለዓመታት ያልረፈ ሰው ለዕረፍቱ የሚሰጠውን ዋጋ ሌላ ሰው ሊተምንለት አይችልም። ሒሳቡ የሚያስፈልገው ያንን ዋጋ አውቆ እንዲከፍል ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ በሩቅ አገር፣ ለብቻ ሆኖ የፈሰሰን መልቀም ደግሞ ከአገር ቤቱ ይልቅ ይከብዳል።